ባኬቱ ሥር የነበረው ወንበር

ሸዋ ሮቢት ላይ ጥላ የሚጥል ነገር ሁሉ የሕዝብ ነው። ግራር ይሁን፣ ቆሞ ያደረ አይሱዙ ይሁን፣ ቀጭን የመብራት ምሰሶ ይሁን፣ ጥላው መሬት ላይ እንደወደቀ አንድ ሰው መጥቶ ይቀመጥበታል። ጥላው ሲዞር ሰውየውም አብሮ ይዞራል። የአይሱዙው ባለቤት መኪናውን ሊያስነሣ ሲመጣ፣ ከሥሩ ያሉት ሰዎች ቤታቸውን ሊያፈርስ የመጣ ይመስል ቀና ብለው ያዩታል። ቆላ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ነውር አይደለም። እኔም ቀወት ተወልጄ ያደግሁ ነኝና በሰው ጥላ ብዙ ተቀምጫለሁ። ችግሩ የመጣው እኔ ራሴ ባለጥላ ስሆን ነው።

ሥራዬ ኤክስካቫተር ማንቀሳቀስ ነው፤ ያንን ረጅም እጅ፣ እጁም ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው ባኬት ያለውን፣ መሬት የሚቆፍረውን ማሽን። ሴት ኦፕሬተር ማየት ያልለመደ ሰው መጀመሪያ በእኔ ይደነቃል፤ ድንቁ ሲወጣለት ጥላዬ ሥር ይቀመጣል። ምሳ በልቼ ስመለስ ከሰንሰለቱ ጥግ የሚያንኮራፋ ሰው ያላገኘሁበትን ቀን አላስታውስም። በዚህ ምክንያት ስለ ማሽን አቋቋም ነዝናዛ ሆኜ ቀርቻለሁ። ሰዎች ይህን ጠባዬን ከሴትነቴ ጋር ያያይዙታል። ወንድ ኦፕሬተር ሲነዘንዝ ጥንቁቅ ነው የሚባለው።

ነገሩ እኮ የሚከብድ አይደለም። ሜዳና ጠንካራ መሬት ይመረጣል። እጁ ይወርዳል፤ ባኬቱ መሬት ላይ ይተኛል። ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፤ በቀስታ እየሠራ ጥቂት ይቀዘቅዛል። ከጠፋ በኋላ መንጃ ዘንጎቹ ወዲያ ወዲህ ይነቀነቃሉ፤ ቱቦዎቹ ውስጥ ታምቆ የቀረው ግፊት የሚወጣው እንዲህ ነው። ከዚያ መቆለፊያው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ኪስ ይገባል። በቃ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ያንን የሚያህል ብረት አየር ላይ ይዞ የሚያቆመው አጥንት ሳይሆን ዘይት ስለሆነ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የታፈነ ዘይት። እጁ ከፍ እንዳለ ሞተሩ ከጠፋ፣ ዘይቱ ባረጀው የማሸጊያ ጎሚኒ በኩል ይሾልካል፤ እጁም ቀስ እያለ ይወርዳል። ቱቦ የፈነዳ እንደሆነ ደግሞ ቀስ ማለት የሚባል ነገር የለም።

ይህን ደግሞ የዚያን ዕለት ቦታው ላይ የነበረ ባለሥራ ሁሉ ያውቅ ነበር። ባለማወቅ የተደረገ አንድም ነገር አልነበረም።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት አጠገብ የመስኖ ቦይ እየቆፈርን ነበር። ሽንኩርትና ማሾ የሚዘራበት መሬት ነው። አንድ ቀን አስተባባሪያችን መጣና የበላይ አካል ሊጎበኘን ነው አለ። «የበላይ አካል» ሲል ድምፁን ዝቅ፣ አገጩን ከፍ ያደርጋል። ክፉ ሰው አይደለም። ቦዩ ውስጥ ውሃ ቢገባ ከልቡ ደስ ይለዋል። ብቻ ከውሃው በፊት ድንኳን፣ ከድንኳኑም በፊት ባነር መምጣት አለበት ብሎ ያምናል።

ባነሩ መጣ። «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ ስፋቱ የአንድ ቤት ግድግዳ ያህላል። የሚሰቀልበት ግን ጠፋ። እዚያው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ግራሮች ነበሩ፤ ለጉብኝቱ ሲባል አካባቢው ይጽዳ ተብሎ ተቆርጠዋል። ራቅ ብላ የቆመች አንዲት ግራር ብቻ ከጽዳቱ ተርፋለች። አስተባባሪው ዙሪያውን ሲያማትር ቆየና ዓይኑ ማሽኔ ላይ አረፈ።

«እጁን ከፍ አድርጊው፤ እዚያ ላይ እንሰቅለዋለን» አለኝ።

«ሞተሩን አስነሥቼ ልጠብቅ?»

«አይ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ማይክ አለ፤ ንግግር አለ።»

«ሞተሩ ከጠፋ እጁ ይወርዳል እኮ።»

«የወረደ እጅ ሥራ የቆመ ያስመስላል እህቴ» አለ፣ ልጅ እንደሚያባብል። «ከፍ ያለ እጅ ልማት ነው።»

ሥራ እኮ ቆሟል፣ ያቆሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ መሐንዲሳችን ዞርኩ። ገና ወጣት ነው፤ ትምህርቱን ጠንቅቆ የጨረሰ፣ የፀሐይ መነጽሩን እንቅልፍ ላይ እንኳ የሚያወልቅ የማይመስለኝ ልጅ። «አንተ፣ አንድ ነገር በል እንጂ» አልኩት።

«ለአጭር ጊዜ ከሆነ ችግር የለውም» አለ። ይህን ብሎ ወንበሩን አነሣና ከባኬቱ ርቆ፣ ጠራራው ፀሐይ ላይ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀመጠ። ከዚያን በኋላ እውቀቱን ተጠራጥሬ አላውቅም።

እጁን አነሣሁ። ባነሩ ከባኬቱ ጥርሶች ላይ ታሰረ፤ ሞተሩ ጠፋ። እኔም ተከራክሬ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ከሥር ሰው እንዳይገባ ዙሪያውን ቀይና ነጭ ላስቲክ ማስወጠር ነበር። ላስቲኩ ተወጥሮ ሳያልቅ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ከነፔርሙዟ ገባች። የቀሩት ተከተሏት። ሰዉ ጨዋ ስለሆነ ማንም ላስቲኩን አልበጠሰም፤ አንዱ ለአንዱ ከፍ አድርጎ እየያዘለት «ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባለ ነው የገባው። ደሜ ፈላ። ከጋቢናዬ ወርጄ አስተባባሪውን ፈለግሁት። «ሕዝብ ነው፤ ሕዝብን ከጥላ አላባርርም» አለኝ። ግራሮቹን ያስቆረጠው እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። እንግዳውን እንዲቀበሉ ከየመንደሩ የተጠሩ፣ ገሚሱ ክርስቲያን ገሚሱ ሙስሊም፣ ሁሉም ነጭ በነጭ የለበሱ። የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረላቸው። የት? ጥላው ላይ ነዋ። ከነሱ መካከል አባቴን አየሁ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። ማሽን ላይ ከወጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን ሥራ ቦታዬ መጥተው አያውቁም። ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲባሉ «ከተማ ናት» ይላሉ፤ ከተማ መኖር ሥራ ይመስል። አልተቆጡኝም፣ አልረገሙኝም። ዝም ነው ያሉኝ፤ የሳቸው ዝምታ ደግሞ ከሰው እርግማን ይከብዳል። የዚያን ዕለት የመጡት በሽማግሌነታቸው ተጠርተው ነው። በዕድሜ ስለሚበልጡ መሀለኛው ወንበር ተሰጣቸው። አንዱ ደግሞ «የባለማሽኗ አባት እኮ ናቸው» አለ። አባቴ አልሰማሁም ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ሰምተዋል። እኔ ከላይ ከጋቢናው ሆኜ ፈገግታቸውን ሲውጡ አየኋቸው። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያስተዋልኩት መሀለኛው ወንበር በትክክል ከባኬቱ ጥርሶች ሥር መሆኑን ነው።

አሁን ወርደሽ አታስነሻቸውም ወይ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይህን የሚል ሰው እኛ አገር ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ሽማግሌ ራሱ አይቀመጥም፤ ያስቀምጡታል። በተራው፣ በክብሩ፣ ብዙ ተግደርድሮ፣ ብዙ ተለምኖ። ከዚያ የሚነሣው የሚከበር ሰው ሲመጣ ነው፤ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፣ መጪውም «በእግዜር» ይላል። ከዚህ ውጭ ሽማግሌን ከወንበሩ ማስነሣት ማዋረድ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ሠርግ ላይ ለአንድ ባለሥልጣን ቦታ ይልቀቁ ተብለው ተነሥተዋል። ያንን ቤት ዳግመኛ አልረገጡም፤ ባለቤቱ ሲሞት እንኳ ከደጅ ቆመው ነው የቀበሩት። እኔ ሴት ልጃቸው፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ሥራ ቦታዬ በመጡበት በመጀመሪያው ቀን፣ ይነሡ ልበላቸው? ካልኳቸው አባት የለኝም። ካላልኳቸውም አባት ላይኖረኝ ነው።

እንግዳው ቆየ። እንግዳ ካልቆየ እንግዳ አይደለም፤ ይህን ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም አልተገረመም። አስተባባሪው ማይኩን ይዞ ንግግሩን ይለማመዳል። «በላብ የተገኘ ልማት» የምትለዋን ቦታ ይወዳታል፤ እየተመለሰ ይላታል። ባኬቱ ደግሞ መውረድ ጀምሯል። እንደ ሰዓት ዘንግ ነው፤ ሲያዩት አይንቀሳቀስም፣ ዞር ብለው ሲመለሱ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ የባነሩ የታችኛው ጠርዝ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ቆይቶ ሻይ ሻጯ ጎንበስ ማለት ጀመረች። ለምን ጎንበስ እንዳለች ራሷን አልጠየቀችም፤ ብርጭቆዋን ይዛ ጎንበስ ብላ አለፈች።

ባኬቱ ሲቀርብ ጥላው ጠቆረ። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገና በረደልን» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሌላኛው ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ ጠብታ አረፈባቸው። ጣታቸውን አስነክተው፣ አሽትተው፣ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። ደመና የሚባል የለም። «ይዘንብ ይሆናል» አሉ። ዘይት ነበር። ከማሽኑ እጅ ላይ የሚወርደውን ቱቦ በዓይኔ ስከተለው አንዱ ቦታ ላይ እንደ ቡጉንጅ አብጧል።

በመስኮት ለአስተባባሪው ሞተር ላስነሣ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ማይኩን እንደያዘ በሌባ ጣቱ እምቢ አለኝ። ወረድኩና ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድኩ። በማስነሣት ሳይሆን በማክበር ይሆንልኛል ብዬ፣ «አባቶቼ፣ ወደዚያ ጠጋ ብትሉ ይሻላችኋል» አልኩ።

«ኧረ ደህና ነን ልጄ፣ አትቸገሪ» አሉኝ አንዱ።

«አይ፣ እዚህ እንዳትጎዱ ብዬ ነው።»

«ምን እንጎዳለን፣ ጥላ ላይ ተቀምጠን! እግዜር ይስጥሽ።» ሁሉም መረቁኝ። የሚጋበዙ መስሏቸው ነው፤ የተጋበዘ ጨዋ ደግሞ እምቢ ይላል። አጥብቄ በለመንኩ ቁጥር አጥብቀው ይግደረደራሉ። በዚያ ላይ አባቴ ካልተነሡ ማናቸውም አይነሡም። አባቴን አየኋቸው። አስፋልቱን እያዩ ነው። ከላያቸው የባነሩ ጠርዝ ባርኔጣቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ምርቃቴን ተሸክሜ ወደ ጋቢናዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ከፍታ አስፋልቱ ወለል ብሎ ይታያል። ወዲያው ከአዲስ አበባ በኩል መብራታቸውን አብርተው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው የሚመጡ ነጫጭ መኪኖች አየሁ። ማንም ይሁኑ ማን ግድ አልነበረኝም። ክላክሴን ተጫንኩትና በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ «መኪኖች መጡ!» አልኩ። እውነቴን ነው፤ መኪኖች መጥተዋል።

አስተባባሪው ማይኩን ጥሎ ሮጠ። መሐንዲሱ ጃንጥላውን እየዘጋ ሮጠ። አበባ የያዙት፣ ከበሮ የያዙት፣ ሻይ የሚጠጡት፣ የሚያንኮራፉት ሁሉ ወደ አስፋልቱ ጎረፉ። ሽማግሌዎቹም እንግዳ መቀበል ግዳጅ ስለሆነ በትራቸውን ይዘው ተከተሉ። ጥላው በአንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ተመስገን ብዬ ወደ ታች ሳይ አባቴ እዚያው ናቸው። እጃቸውን በትራቸው ላይ ደራርበው ተቀምጠዋል። በአባቴ ወግ እንግዳ ወደ ተቀመጠ ሽማግሌ ይመጣል እንጂ ሽማግሌ ለእንግዳ አይሮጥም።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

«አባባ፣ ይነሡልኝ» አልኳቸው።

«እንግዳው ሲደርስ እነሣለሁ።»

«ለእንግዳው አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምነሣው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፈርቼ ነበር። ይህን ሲሉኝ ግን ተናደድኩ። በአስተባባሪው፣ በመሐንዲሱ፣ በምርቃቱ፣ ለዓመታት በሰማሁት በዚያ «ከተማ ናት» ሁሉ ተናደድኩ።

«ለእኔ» አልኳቸው። «ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ማን እንደሚቀመጥ የምለውም እኔ ነኝ። ይኼ ነገር እየወረደ ነው። አሁን ይነሡ!»

አባቴን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ማንም ተናግሯቸው አያውቅም። ቀና አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኔን አዩት፤ ጥርሶቹን፣ ያበጠውን ቱቦ፣ በሲሊንደሩ ላይ የሚያበራውን ዘይት። ከዚያ ተነሡ። ወንበራቸውን ልያዝላቸው ስል እጄን ገፉት። አንድ እጃቸው በትራቸውን፣ አንድ እጃቸው ወንበሩን ይዞ፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ፣ ወደዚያች ከጽዳቱ የተረፈች ግራር ሄዱ። ጀርባቸውን እያየሁ፣ የዚያን ጎረቤታችንን ደጅ አሰብኩ። ይሁን፣ በእግራቸው ይሂዱ እንጂ ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ አልኩ።

ሞተሩን አስነሥቼ እጁን አወረድኩት። ወንበሮቹን ለመሰብሰብ ትዕግሥት አልነበረኝም። ባኬቱ በባነሩ ላይ፣ ባነሩም ከሥሩ በቀረ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አረፈ። ወንበሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ሞተሩን በቀስታ እንዲሠራ ተውኩት፤ ቀዘቀዘ፤ አጠፋሁት። ዘንጎቹን ነቀነቅሁ። ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

አስፋልቱ ላይ እልልታው ቀልጧል። የመጡት ሙሽሮች ነበሩ። ከበሮና አበባ ይዞ መንገድ የሞላውን ሕዝብ ሲያዩ የአገሩ ደግነት መስሏቸው ወርደዋል። አስተባባሪው እቅፍ አበባውን ማን እንደሆነች ሳያይ ለሙሽሪት አስረክቧል፤ መልሺልኝ ማለት አልቻለም። ሚዜዎቹ መጨፈር ጀመሩ፤ ሕዝቡም ሲጠብቅ ስለዋለ አብሮ ጨፈረ። በዚህ መሀል አቧራ የለበሱ ሁለት መኪኖች ከኋላ መጥተው መንገድ ቢዘጋባቸው ክላክስ አደረጉ። አስተባባሪው በንዴት ሄዶ፣ «እለፉ! እለፉ! እንግዳ እየጠበቅን ነው!» ብሎ በእጁ እያውለበለበ አሳለፋቸው።

ወደኛ ተመልሶ ባነሩን ከባኬቱ ሥር ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አደረግሽ?» ሊለኝ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ዝቅ፣ አገጩ ከፍ አለ። የበላይ አካል አልፈው አጣዬ ሊደርሱ ነው። በመስኮት አይተውናል። ሕዝቡ በልማቱ ተደስቶ ሲጨፍር በማየታቸው በጣም ረክተዋል፤ መንገድ አሳልፎ የሸኛቸውንም ትጉህ ሠራተኛ አመስግነዋል። አስተባባሪው «እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን» እያለ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረ። «ጥሩ አድርገሽ አቁመሻል» አለኝ። መሐንዲሱም የፀሐይ መነጽሩን አስተካክሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የተጨፈለቀውን ወንበር ከበው ቆሙ። የማን ወንበር እንደነበር ለማስታወስ ሞከሩ፤ ሁሉም የኔ አልነበረም አለ። ከዚያ የቀሩትን ወንበሮች ይዘው፣ እንግዲህ ከጨዋታ በቀር ሥራ ስለሌለ፣ ግራሯ ሥር ወዳሉት አባቴ ሄዱ። እንደገና በተራቸው፣ እየተግደረደሩ ተቀመጡ።

እኔ ከማሽኑ አጠገብ ጥቂት ዘገየሁ። እጄን በጨርቅ ጠረግሁት፤ ዘይቱ አልለቀቀም። ወደ ቤቴ ለመሄድ በግራሯ ጥግ ማለፍ ነበረብኝ፤ ሌላ መንገድ ቢኖር በዚያ እሄድ ነበር። አንገቴን ደፍቼ፣ ጤና ይስጥልኝ ብዬ በፍጥነት ላልፍ ቀረብኩ።

አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ኖር!» አሉ።

አባቴ ከተነሡ ሌላው መቀመጥ አይችልም። ሽማግሌዎቹ ለማን እንደሚነሡ ሳያውቁ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ብድግ ብድግ አሉ። አንዱ ኋላቸውን ዞረው ተመለከቱ፤ የበላይ አካል የመጣ መስሏቸው ነው። ከኔ በቀር ሰው የለም።

«ለማን ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለባለማሽኗ» አሉ አባቴ።

ቆሜ ቀረሁ። መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሌሎች ሲመልሱት ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ለእኔ ተብሎ ግን አያውቅም። «በእግዜር» አልኩ። ወንበር አንድ ጎድሏል። አባቴ የራሳቸውን፣ ያን ከባኬቱ ሥር ተሸክመው ያመጡትን ወንበር፣ ወደኔ ገፋ አደረጉት። ብዙ ተግደረደርኩ። እኔ እስክቀመጥ ግን ቆመው ጠበቁኝ።